ከተረት መጽሐፍ ወጥቶ ልብ ወለድ ላልደረሰ ልጅ ምን ይነበባል?

የሁለት ልጆች እናት፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። የአምስተኛ ክፍል ወንድ ልጅና የሁለተኛ ክፍል ሴት ልጅ አሉኝ። የትንሿ ነገር እምብዛም አያሳስበኝም፤ ሥዕል ያለበትን ማንኛውንም መጽሐፍ ይዛ አያቷ ጉያ ትገባለች። የጨነቀኝ የወንዱ ነው። ፊደል ለይቶ ያውቃል፣ በአማርኛ ፈተናም መጥፎ ውጤት አያመጣም፤ ነገር ግን ከመማሪያ መጽሐፉ ውጪ አንድ የአማርኛ መጽሐፍ ጀምሮ ሲጨርስ አይቼ አላውቅም። እንግሊዝኛውን ግን ወፍራም ወፍራሙን ሳይቀር አልጋው ላይ ተጋድሞ ይጨርሰዋል።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ መጽሐፍ መደብር ይዤው ሄጄ «እስኪ ደስ ያለህን ምረጥ» አልኩት። ከልጆች መጻሕፍት አብዛኞቹ ሃያ አራት ገጽ ያላቸው፣ በሽቦ የተሰፉ የጦጣና የአንበሳ፣ የጅብና የአህያ ተረቶች ነበሩ። ሁለቱን ገልጦ አየና «እማዬ፣ ይሄ እኮ የእኅቴ ነው» ብሎ መለሳቸው። ቀጥሎ ያለው መደርደሪያ የአዋቂ ልብ ወለድ ነው፤ በሁለቱ መካከል ምንም የለም። ሻጩ ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይሆናል ያለኝን ገዝቼ ቤት ስደርስ ከገጽ 32 ቀጥሎ ገጽ 49 ሆኖ አገኘሁት። ይህ የማተሚያ ቤት ስሕተት ነው፤ ልጄ ግን «አየሽ!» ብሎ ሳቀብኝ።

ልምዱ ያላችሁ ወላጆችና መምህራን፣ ለዚህ ዕድሜ ምን እንደምታስነብቡ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

የአማርኛ መምህርት፣ ደብረ ብርሃን

ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል አማርኛ ሳስተምር አሥራ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ የእርስዎን ልጅ የመሰለ ተማሪ በየዓመቱ ሦስት አራት አላጣም። መጽሐፍ ከመጠቆሜ በፊት አንድ ነገር ላንሣ፤ መጽሐፉን ብንቀያይርም ችግሩ ያው የሚሆንበት ጊዜ አለና።

የአማርኛ ጽሑፍ ልጅን የሚያደክመው በፊደሉ ብዛት አይደለም። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በየሰባት እየረቡ 231 መሆናቸው ሲሰሙት ያስፈራል እንጂ ልጆች ቀስ በቀስ ይለምዱታል። የሚያደክማቸው ያልተጻፈው ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፤ «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» የምንለው፣ «ዋና» የወንዙ ይሁን የዋናው መንገድ፣ ልጁ የሚያውቀው ዓረፍተ ነገሩን ከጨረሰ በኋላ ነው። ሳድሱም አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ ይዋጣል። በዚህ ላይ ግሳችን ባለቤቱንም ተሳቢውንም አሉታውንም ተሸክሞ አንድ ቃል ሆኖ ይመጣል፤ «ስላልተመለሱልን» የሚለውን ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ያየ ልጅ መሐል ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። በአፉ ግን እንዲህ ያለውን ቃል ገና በሕፃንነቱ ሲናገረው ኖሯል።

ባለፈው ዓመት አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪዬ ቆሞ ሲያነብ «ጅቡ ዛሬ ይበላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ገጠመው። አጥብቆ አነበበውና ጅቡ ራሱ ተበልቶ ቁጭ አለ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ፤ ልጁም ስሕተቱ ሲገባው ከሁሉም በላይ ሳቀና «ቲቸር፣ እንደዚህ ቢሆን ይሻል ነበር» አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳልስማማ አልቀረሁም።

ስለዚህ ልጅዎ እንግሊዝኛውን እያነበበ አማርኛውን የሚተወው ቋንቋውን ንቆ ነው ብለው አይደምድሙ። የአማርኛ መጽሐፍ በዓይን ከመግባቱ በፊት በጆሮ ቢገባ ይሻላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ገጾች እርስዎ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡለት፤ ነገሩ ልብ የሚሰቅልበት ቦታ ሲደርስ ወጥ የሚያማስሉ መስለው መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ትተው ይነሡ። የደራሲው የአነጋገር ዜማና የባለታሪኮቹ ስም አንዴ ጆሮው ውስጥ ከገባ ቀሪውን ዓይኑ ይከተለዋል።

መጽሐፉ ይከብደው እንደሆነ ለማወቅም ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ዕድሜ አልከተልም። ልጁን አንድ ገጽ አስነብበዋለሁ፤ አራት ነጥብ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ካየኝ ገብቶታል ማለት ነው፣ ዓይኑ ወደ ዓረፍተ ነገሩ መነሻ ከተመለሰ ገና እየታገለ ነው። በአንድ ገጽ ላይ ደጋግሞ ከተመለሰ ያንን መጽሐፍ እኔ አነብለታለሁ እንጂ ለብቻው አልሰጠውም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። በዚህ ዕድሜ የእንስሳት ተረት ቢሰለቻቸውም የሰው ተረት አይሰለቻቸውም፤ በተለይ ሙግትና ፍርድ ያለበት። በውርርድ ተራራ አናት ላይ ራቁቱን ስላደረው አገልጋይ የሚነገረውን ታሪክ ያውቁት ይሆናል። ከማዶ የሚነድ እሳት እያየ ስላደረ «እሳቱ ሞቆሃል» ተብሎ ውርርዱን ይከለከላል፤ በኋላ አንድ ብልህ ሰው ግብዣ ጠርቶ እንግዶቹን የወጥ ሽታ ብቻ እያስሸተተ ያስቀምጣቸዋል። ሃሮልድ ኮርላንደርና ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 በእንግሊዝኛ ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መድብል ርዕሱን የሰጠው ይኸው ታሪክ ነው። እኔ በቃል ነግሬያቸው ፍርዱ ላይ ስደርስ አቆማለሁ፤ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ሲሟገት ደወል ይደወላል።

የሜሪላንድ አባት

መምህርት፣ ስለ ጆሮው የተናገሩት እኛን ስደተኞቹን በይበልጥ ይነካናል። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ፊደል ትማራለች፣ በአማርኛ ስናወራት ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። እዚህ በብዛት የምናገኛቸው ሁለቱን ቋንቋ ጎን ለጎን የያዙ መጻሕፍት ናቸው። ልጅነቷን ማጂ ያሳለፈችው ደራሲዋ ጄን ከርትዝ የምትሳተፍበት «ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ» የተባለው ተከታታይ ብዙ ርዕስ አለው፤ ሥዕሎቹ ያማሩ ናቸው፣ ዓረፍተ ነገሮቹም አጫጭር ናቸው።

እንከኑ በራሴ ቤት ያየሁት ነው። ሁለት ቋንቋ አንድ ገጽ ላይ ሲቀመጥ የልጅ ዓይን ወደ ቀላሉ ይንሸራተታል፤ ልጄ አሥር መጽሐፍ «አንብባ» አንድም የአማርኛ መስመር አልነካችም ነበር። አሁን እንግሊዝኛውን በሚነሣ ቢጫ ወረቀት እሸፍነዋለሁ። መጀመሪያ አለቀሰች። ቀጥሎ ያገኘነው ስምምነት እኔ አማርኛውን አነብላታለሁ፣ እሷ በጣቷ ትከተላለች፣ ከዚያ ያልገባት ካለ ብቻ ወረቀቱን ታነሣለች የሚል ነው። አሁን ከገጹ ግማሽ በላይ ወረቀቱን ሳትነካ ታልፋለች። አንዳንዴ ግን እኔ ዞር ስል ገልጣ እንደምታይ አውቃለሁ፤ ወረቀቱ ተጠማዝዞ ስለሚገኝ።

የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ

እኔ መምህር አይደለሁም፤ ነገር ግን ወላጆች የልጅ መጽሐፍ ፈልገው ሲመጡ አዲስ አዲሱን ብቻ ጠይቀው ሲመለሱ ስለማይ ስለ አሮጌዎቹ ትንሽ ልናገር።

በመካከል ምንም የለም ለተባለው፣ ድሮ በትምህርት ቤት ብዙ ሰው ያነበበው የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» አለ። በተከታታይ ቁጥር የታተመ ነው፤ ጽሑፎቹ አጫጭር ስለሆኑ ልጅ ከእራት በፊት አንዱን ጨርሶ ይነሣል። ግጥሙ ደግሞ ቤት የሚመታ በመሆኑ ልጁ የስንኙን መጨረሻ ሳያየው በጆሮው ይጠብቀዋል፤ መምህርቷ ስለሚጠብቅና ስለሚላላ ያነሡት ችግር በግጥም ላይ ግማሹ ይቀልላል፣ አጥብቀህ ማንበብ ያለብህን ብታላላ ዜማው ራሱ ይሰበርብሃል። የዚሁ ደራሲ «አዝማሪና የውሃ ሙላት» የተባለው ግጥም ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የተሰፋ ነው ማለት ይቻላል። ሰውየው የሞላ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ውሃው እንዲጎድልለት ማሲንቆውን እየገዘገዘ ያወድሰዋል፤ መንገደኛው መጥቶ ግን ውዳሴውን የሰማው ውሃ ሲያልፍ ያልሰማው እየተተካ መሆኑን ይነግረዋል። ልጅ በዚህ ይስቃል፣ ቀጥሎ ዝም ይላል።

ሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከማሳተማቸው አሥር ዓመት አስቀድመው በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት»ን እንዳሳተሙ ብዙ ሰው አያውቅም። እሱም ሲገኝ ባያልፉት ጥሩ ነው። በደርግ ጊዜ ሞስኮ ላይ በአማርኛ ታትመው የገቡ የልጆች መጻሕፍትም አልፎ አልፎ ይመጡልኛል፤ ወረቀታቸውና ስፌታቸው ዛሬም አልላላም።

በአሮጌ መጻሕፍት ላይ ወላጆች የሚያነሡት ቅሬታ በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ መኖሩ ልጁን ያደናግረዋል የሚል ነው። እኔ የታዘብኩት ተቃራኒውን ነው፤ ቃሉ የት እንደሚያልቅ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪ እናት፣ ሐዋሳ

የተባለውን ሁሉ በአክብሮት እያነበብኩ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ልጆቻችን ከአማርኛ መጽሐፍ የሚሸሹበትን ዋናውን ምክንያት ማንም አላነሣውም፤ መጽሐፎቻችን መምከር አያቆሙም። ልጅ ታሪኩን በጉጉት አንብቦ መጨረሻው ላይ «ከዚህ ተረት የምንማረው» የሚል ይጠብቀዋል፣ ገልበጥ ሲያደርገው ደግሞ አምስት የመልመጃ ጥያቄ። ሴት ልጄ አንድ ጊዜ «መጽሐፉ አያምነኝም» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ያንን ቃል ልረሳው አልቻልኩም። እንግሊዝኛው መጽሐፍ ታሪኩን ነግሯት ይሄዳል፣ ማሰቡን ለእሷ ይተውላታል።

ሌላው ደግሞ በአሮጌዎቹ ተረቶች ውስጥ በእንጀራ እናት፣ በአካል ጉዳተኛ ወይም በባለ እጅ ላይ የሚሰነዘረው ንቀት ነው። የእንጀራ እናት ያለው ልጅ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ያንን ሲሰማ ምን ይሰማዋል? አሮጌ ስለሆነ ብቻ ጥሩ ነው ልንል አይገባም።

የአማርኛ መምህርት፣ ደብረ ብርሃን

የሐዋሳዋ እኅቴ፣ ስለ ምክሩ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነዎት፤ እኔም ጥፋተኛ ነኝ፣ ለዓመታት ያንኑ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬአለሁና። አሁን የመጨረሻዋን አንቀጽ አላነብላቸውም። ተረቱ በቃል ሲነገር እኮ መቋጫው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ነበር እንጂ ትንታኔ አልነበረውም፤ ምክሩን የጨመርነው ወደ ጽሑፍና ወደ ክፍል ስናመጣው ይመስለኛል።

ስለ ንቀቱ ግን መጽሐፉን ከመጣል ይልቅ አስቀድሞ አንብቦ መምረጥን እመርጣለሁ። በዚያው በተረታችን ውስጥ የእንጀራ ልጇን ፍቅር ለማግኘት ስትል የአንበሳ ጸጉር ልትነቅል የሄደች እንጀራ እናት አለችን፤ ያቺን ሴት የሚያህል ትዕግሥተኛ ባለታሪክ በየት መጽሐፍ ይገኛል?

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ

የዘገየሁት የልጆች ክፍላችንን ሳስተካክል ስለሰነበትኩ ነው። የምጨምረው በተለይ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ነው፤ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መካከለኛ ደረጃ የተባለው ማለት ነው። ክፍተቱ ሰፍቶ የሚታየው እዚያ ነውና።

የክፍተቱ ነገር አዲስ አይደለም። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ ለኢትዮጵያውያን ልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ቢያጡ «ማሞ ቂሎ»ን በሁለት ቋንቋ ራሳቸው አዘጋጅተው አሳተሙ፤ ኋላም አገር ቤት ተመልሰው የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፣ ሐዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት እስከማሠማራት ደረሱ። የታናናሾቹ መደርደሪያ ከዚያ ወዲህ እየሞላ መጥቷል። የታላላቆቹ ግን ዛሬም ሳሳ ያለ ነው።

እኔ ለስምንተኛ ክፍል ልጆች የማደርገው ለአንዳንዶቻችሁ ድፍረት ሊመስል ይችላል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እሰጣቸዋለሁ፤ ለብቻው ግን አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው ቅጂ በቀላሉ ስለሚገኝ መጽሐፉን ገልጠው በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ ይከተሉታል። መምህርቷ የገለጹት ያልተጻፈው ሁሉ፣ ማጥበቁና ማላላቱ፣ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ፣ የጉዱ ካሣ ምሬትና ፌዝ፣ በዚያ ድምፅ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። አንዲት ልጅ ከሦስት ቀን በኋላ ማዳመጫውን አውልቃ አገኘኋትና ምነው ብላት «እሱ ቀስ ይላል፣ እኔ ቶሎ ማወቅ ፈለግኩ» አለችኝ። መጽሐፉ የአዋቂ ስለሆነ ወላጅ አስቀድሞ ቢያውቀው እመክራለሁ፤ ሁሉንም ልጅ የሚይዝም አይደለም፣ ከሰጠኋቸው ስድስት ልጆች ሁለቱ ሃምሳ ገጽ ሳይደርሱ መልሰውልኛል።

እንግሊዝኛ ለሚቀናው ልጅ ኤሊዛቤት ሌርድ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመችው «ዘ ጋርቤጅ ኪንግ» አለ። ታሪኩ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከተለያየ ቤት ወጥተው ጎዳና ላይ በተገናኙ ማሞና ዳኒ በተባሉ ሁለት ልጆች ላይ የሚያጠነጥን ነው። የሚያውቀውን ከተማ በመጽሐፍ ውስጥ ሲያገኝ የልጅ ፊት ምን እንደሚሆን ማየት ደስ ይላል። ከዚያ «ይህን ምዕራፍ ለታናሽ እኅትህ በአማርኛ ንገራት» ስል ሳያውቀው ተርጓሚ ይሆናል።

ገንዘቡ ለሚከብዳችሁ ደግሞ ያለ ክፍያ የሚነበቡ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባ ላይ ይፋ የሆነው «ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ» እና የደቡብ አፍሪካው «አፍሪካን ስቶሪቡክ» በደረጃ የተለዩ የአማርኛ ታሪኮች አሏቸው፤ አትሞ መጠቀምም ይፈቀዳል። ትርጉሙ አልፎ አልፎ እንግሊዝኛ እንግሊዝኛ ስለሚሸት ለልጁ ከመስጠታችሁ በፊት አንዴ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ የእናንተን አፍ ካሰናከለ የልጁንም ያሰናክለዋል። ለሁለተኛ ክፍሏ ልጅ ከበቂ በላይ ነው፣ ለአምስተኛ ክፍሉ ግን አብዛኛው ያንሰዋል።

የሁለት ልጆች እናት፣ አዲስ አበባ

ሦስት ሳምንት ሆኖኛል፤ የደረሰውን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ መምህርቷ እንዳሉት አንድ ገጽ አስነበብኩት። ከሻጩ የገዛሁት ገጹ የጎደለው መጽሐፍ ላይ አራት ጊዜ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ለካ ልጁ ሰነፍ ሳይሆን መጽሐፉ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አማርኛ የተጻፈ ነው። እኔም ጮክ ብዬ ሳነበው ሁለት ቦታ ተሰናከልኩ።

በዚያ ሰሞን ማታ መብራት ጠፍቶ ስለነበር የተራራውን ታሪክ ለሁለቱም ነገርኳቸውና ፍርዱ ላይ አቆምኩ። ትንሿ ለአገልጋዩ ብርድ ልብስ ለምን አልሰጡትም ብላ ተቆጣች። ወንዱ ግን ዝም ብሎ ቆየና «ዳኛው ለምን ራሱ ተራራው ላይ ወጥቶ አልሞከረውም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አባቱም አልነበረውም።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ሄደን ጠርዙ የተበላ «ታሪክና ምሳሌ» አንደኛ መጽሐፍ አገኘን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ግጥሞች እኔ አነበብኩና ቡና ላፈላ ተነሣሁ። ተመልሼ ስመጣ መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ የለም። ሁሉንም አንብቧል አልልም፤ በስድ ንባብ የተጻፉትን እየዘለለ ግጥም ግጥሙን ብቻ ነው የሚለቅመው፣ ቃላት ሲከብዱትም ወደ አያቱ ክፍል ይሄዳል። አያቱ አንዳንዱን በቃላቸው ስለሚያውቁት እሱ እያነበበ እሳቸው ሲቀድሙት ይናደዳል።

የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴው ወንድሜ፣ ሁለተኛው መጽሐፍ ይገኝ ይሆን? ልጁ አያቱ የማያውቁትን ነው የሚፈልገው።

የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ

ሁለተኛው አንድ ፍሬ አለኝ፤ ሽፋኑ የለም፣ ገጾቹ ግን ቆጥሬያቸዋለሁ፣ ሙሉ ናቸው። እስከ ቅዳሜ ለማንም አልሸጠውም። አያትየው ይህንንም እንደማያውቁት ግን ዋስትና አልሰጥም።